ፓራፊን የባትሪውን ሙቀት ይውጣል፤ ከዋጠ በኋላስ የት ያደርሰዋል?

ሰንሰለት ፈቺ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። በራሴ እጅ የሠራሁትን የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ባትሪ ሁለት ዓመት ነድቼበታለሁ። 140 ሴሎች አሉት፤ ሁሉም 18650 የሚባሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች ናቸው። ሰባት ሰባቱ ጎን ለጎን ተያይዘው፣ ሃያው ቡድን ደግሞ በተከታታይ ተቀጥሏል። ባለፈው ሳምንት ሣጥኑን ከፈትኩት። ዳር ያሉት ሴሎች እንደ አዲስ ናቸው። መሃል ያሉት ግን የለበሱት ቀጭን ፕላስቲክ ተጨማዷል፤ በሁለቱ ላይ ጠርዙ ተሰብስቦ ብረቱ ብቅ ብሏል። አቅማቸውን አንድ በአንድ ስለካ የመሃሎቹ ከዳሮቹ ይልቅ በግልጽ ደክመዋል። ዳገት ላይ በመሃልና በዳር መካከል ያለውን ልዩነት ለክቼዋለሁ፤ 14 ዲግሪ ነው።

አየር ማራገቢያ አለኝ፤ አየሩ የሚደርሰው ግን የውጭውን ረድፍ ብቻ ነው። በፈሳሽ ላቀዝቅዝ ብል ፓምፕ፣ ቱቦና ራዲያተር ማስገቢያ ቦታ የለኝም። ስለዚህ እየቀለጠ ሙቀት የሚውጥ ቁስ፣ በተለይም ፓራፊን (ሻማ የሚሠራበትን ዓይነት ሰም)፣ በሴሎቹ መካከል ልሞላ አስቤያለሁ።

ሒሳቡን እንዲህ ሠራሁት። አንዱ ሴል 3 አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ የውስጥ ሬዚስታንሱ 30 ሚሊ ኦም ገደማ ነው። ዳገት ላይ ከአንዱ ሴል 9 አምፔር ስስብ 2.4 ዋት ያህሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚህ አካሄድ ባትሪው በ20 ደቂቃ ስለሚያልቅ ጠቅላላው ሙቀት 2,900 ጁል ይሆናል። ሴሉ 47 ግራም ይመዝናል፤ ሙቀቱን የሚሰጥበት ቦታ ካጣ በ60 ዲግሪ ይግላል ማለት ነው። አንድ ግራም ፓራፊን ግን ሲቀልጥ 200 ጁል ያህል ይውጣል። ለአንድ ሴል 15 ግራም ይበቃዋል! ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ራሱ አጠራጥሮኛል። ምን የሳትኩት ነገር አለ? በስንት ዲግሪ የሚቀልጠውንስ ልምረጥ?

ብርሃን አፍቃሪ

ምንም አልሳትክም። ፓራፊን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ብረት አይበላም፣ በየትም ይገኛል። ሻማ አቅልጠህ በሴሎቹ መካከል አፍስስና ክደነው። እኔ ብሆን ዛሬውኑ እጀምር ነበር።

መዳብ ሽቦ

እባክህ አታፍስስ! እኔ አፍስሼ አይቼዋለሁና የገጠመኝን ልንገርህ።

ስምንት ሴሎችን በመስታወት ዕቃ ውስጥ አቁሜ፣ ዙሪያቸውን ፓራፊን ሞልቼ፣ ከባድ ጭነት ሰጠኋቸው። በመስታወቱ በኩል ሁሉም ነገር ይታያል። መጀመሪያ በየሴሉ ዙሪያ የጥፍር ውፍረት የምታህል ቀለበት ጠርታ ፈሳሽ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ያለው ፓራፊን ነጭ ጠጣር እንደሆነ ቀረ። ሴሉ መጋሉን ቀጠለ፤ ሁለት ጣት ርቆ ያለው ፓራፊን ግን ምንም ያልሰማ ይመስል ቀዝቃዛ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፓራፊን ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በሜትር በዲግሪ 0.2 ዋት ገደማ ነው፤ አሉሚኒየም ከ200 በላይ ነው። ፓራፊን ሙቀት ማጠራቀም ይችልበታል፤ ማቀበል ግን አይችልበትም። የአንተ 15 ግራም የሚሠራው 15ቱም ግራም በጊዜው ሲቀልጥ ብቻ ነው።

የሻማው ነገር ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። የሻማ ፓራፊን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀልጠው ከ50 ዲግሪ በላይ ነው። እሱ ሥራ እስኪጀምር ባትሪህ መጎዳት ጀምሯል።

ሌላም አለ። የ18650 ሴል አዎንታዊው ጫፍ ላይ የግፊት መተንፈሻ አለው። እሱ ላይ ፓራፊን ፈስሶ ከጠጠረ፣ ሴሉ በጭንቅ ሰዓት የሚተነፍስበት ቀዳዳ ተደፈነ ማለት ነው።

ብርሃን አፍቃሪ

መተንፈሻውን አላሰብኩትም ነበር። ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ሻማ የሚባለውን እርሱት።

አሮጌው መሐንዲስ

ሰንሰለት ፈቺ፣ ሒሳብህን ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ ነው ቁስ የሚገዛው። ሁለት ነገር ላቃናልህ፤ ከዚያ ዋናው ጉዳይ ላይ እንቆያለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት እየተቀበለ የሙቀት መጠኑ ግን እንደማይጨምር አስተውሎ ነበር። ስውር ሙቀት የምንለው ይህ ነው። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ይፈልጋል፤ ያው ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ቢሞቅ የሚወስደው ያህል ነው። ይህን ሐሳብ ለሊቲየም ባትሪ ያመጡት በቺካጎ የኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ሳኢድ አልሐላጅና ሮበርት ሰልማን ናቸው፤ በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሐሳቡን አቀረቡ። መዳብ ሽቦ ያየውን ችግር የፈቱት በግራፋይት ነው። በሙቀት እንዲያብጥ የተደረገ ግራፋይት ልክ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳው የበዛ ይሆናል፤ ያንን ጠፍጥፈው ፓራፊን ያጠጡታል። ግራፋይቱ ሙቀቱን ያሰራጫል፤ ፓራፊኑ ይውጠዋል፤ ሲቀልጥም በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተይዞ ስለሚቆይ እንደ ዘይት አይፈስም። የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹሕ ፓራፊን በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

አሁን ሒሳብህ። ሴሉ ራሱ ከ25 ወደ 44 ዲግሪ ሲወጣ 900 ጁል ያህል ለራሱ ይይዛል። ለፓራፊኑ የሚተርፈው 2,000 ጁል ነው። ሩብ ያህሉ ግራፋይት የሆነ ቅልቅል በግራም 150 ጁል ቢውጥ፣ ለአንዱ ሴል 13 ግራም፣ ለ140ው ደግሞ ወደ 2 ኪሎ ግራም ይጠጋል። እስከዚህ መልካም ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን አንተ ያልጠየቅኸው ነው። ዳገቱ አልቋል፤ ፓራፊንህ ሙሉ በሙሉ ቀልጧል፤ 280 ኪሎ ጁል ተሸክሟል። ይህ ሙቀት አልጠፋም፤ ሣጥንህ ውስጥ ተቀምጧል። ፓራፊኑ ለሚቀጥለው ዳገት የሚያገለግለው ተመልሶ ከጠጠረ ብቻ ነው። ለመጠጠር ደግሞ ያንን ሁሉ ለውጭው አየር ማስረከብ አለበት።

የሣጥንህ ገጽ 0.3 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ ቆሞ ሳለ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በዲግሪ 8 ዋት ያህል ለአየሩ ይሰጣል። ፓራፊኑ በ44 ዲግሪ የሚቀልጥ ሆኖ አየሩ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ የሚወጣው 34 ዋት ነው፤ ለመጠጠር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። አየሩ 40 ዲግሪ ቢሆን ግን የሚወጣው ከ10 ዋት ያነሰ ነው፤ 8 ሰዓት ይፈጃል። አሁን በ44 ፋንታ በ36 ዲግሪ የሚቀልጠውን መረጥክ እንበል፤ ለባትሪው የተሻለ ይመስላል። አየሩ 40 ሲሆን ያ ፓራፊን ከቶ አይጠጥርም። ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት ቀልጦ ይጠብቅሃል። 2 ኪሎ ሸክም ይዘህ፣ ከዚያም በላይ ሴሎቹን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍነህ ትሄዳለህ።

ስለዚህ የመቅለጫ ነጥብ የሚመረጠው ባትሪው ከሚወደው ሙቀት ብቻ ተነሥቶ አይደለም። ከምትነዳበት አካባቢ ከሚሞቀው ቀን በላይ፣ ባትሪውን ከሚጎዳው በታች መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ከቀጥተኛ ፓራፊኖች መካከል ኦክታዴኬን በ28፣ ኤይኮሴን በ36 ወይም 37፣ ዶኮሴን በ44 ዲግሪ ይቀልጣሉ። እኔ ብሆን የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ሙቀቱ የሚወጣበትን መንገድ ሳላዘጋጅ አንዱንም ሣጥን ውስጥ አላስገባም።

ሰንሰለት ፈቺ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መሐንዲስ። እውነቴን ነው፣ የእርስዎን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ፓራፊኑን ማቀዝቀዣ አድርጌ ነበር የማስበው። ለካ ማጠራቀሚያ ነው!

የጨው ድንጋይ

ሁላችሁም ስለ ፓራፊን ብቻ ታወራላችሁ። ፓራፊን ይቃጠላል፤ ሊቀጣጠል የሚችል ነገር አጠገብ ሌላ ተቀጣጣይ ማስቀመጥ ምን ይሉታል? ውሃ አዘል ጨዎች አሉ። የግላውበር ጨው በ32 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በኪሎ ግራም 250 ኪሎ ጁል ያህል ይውጣል። ከፓራፊን ስለሚከብድ በአንድ ሊትር ቦታ የሚይዘው ሙቀት የበለጠ ነው። አይቃጠልም፤ ሙቀቱ እጅግ ከበዛም በውስጡ ያለው ውሃ እየተነነ ተጨማሪ ሙቀት ይወስዳል። ለባትሪ ደኅንነት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

አሮጌው መሐንዲስ

ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ወጣት ሳለሁ በዚህ ጨው ተማርኬ ነበር። ግን በ1948 በማሳቹሴትስ ዶቨር የተሠራውን ቤት አስታውስ። ማሪያ ቴልከስ የፀሐይን ሙቀት በግላውበር ጨው አጠራቅማ ቤቱን ልታሞቅ ሞከረች፤ ቤቱን የነደፈችው ኤሊነር ሬይመንድ ነበረች። ጥቂት የብርድ ወቅቶችን ሠራ፤ ከዚያ ጨውና ውሃው ተለያዩ። ከባዱ ጨው ከሥር ዘቀጠ፤ መልሶ አልሟሟም አለ። ይህ ጨው ሌላም ጠባይ አለው፤ መጠጠር ባለበት ነጥብ ላይ አይጠጥርም፤ ከዚያ በታች ብዙ ዲግሪ ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ለመጠጠር ዘር የሚሆነው ሌላ ቁስ መጨመር ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ዛሬ መፍትሔ አለ፤ ማወፈሪያም ማስጀመሪያም ይጨመርበታል። በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየቀለጠና እየጠጠረ፣ ከዚያም በላይ በጉድጓድ መንገድ እየተንገጫገጨ ዓመታት እንዲቆይ ማድረግ ግን ከባድ ነው። ከፈሰሰ ደግሞ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብረት ይበላል። በቋሚ ሕንፃ ውስጥ እደግፈዋለሁ፤ በሞተር ሳይክል ግን ገና ነኝ።

የጨው ድንጋይ

በሞተር ሳይክሉ ተስማምቻለሁ። በእሳቱ ጉዳይ ግን አልተረታሁም። አንዱ ሴል ቢነድስ?

ጥንቁቅ

ይህን እኔ ልመልስ፤ የሠራሁበት ነገር ነውና።

አንድ ሴል ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው የሚሆነው ተከታታይ ነው። ከ80 ዲግሪ አንሥቶ በአሉታዊው ኤሌክትሮድ ላይ ያለው ስስ መከላከያ ሽፋን መፍረስ ይጀምራል፤ መፍረሱ ራሱ ሙቀት ይወልዳል። በ130 ገደማ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የሚለየው የፖሊኤቲሊን ሽፋን ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ማንም አያቆመውም።

አሁን ቁጥሮቹን አስተያዩ። በዚያ ሴል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ 39 ኪሎ ጁል ነው፤ ኬሚካሎቹ ሲቃጠሉ የሚጨምሩትን ሳንቆጥር። በዙሪያው ያለው 13 ግራም ቅልቅል ሲቀልጥ የሚውጠው 2 ኪሎ ጁል ነው። ስለዚህ «ፓራፊኑ እሳቱን ይውጠዋል» የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል።

ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። 39 ኪሎ ጁሉን አጠገቡ ያሉት ስድስት ሴሎች ብቻ ቢካፈሉት እያንዳንዳቸው ከ130 ዲግሪ በላይ ይጨምራሉ፤ ሁሉም ይከተሉታል። ያው ሙቀት ለ140ው ሴሎች እኩል ቢዳረስ ግን እያንዳንዱ የሚጨምረው 6 ዲግሪ ብቻ ነው! በተግባር እኩል አይዳረስም፤ ግራፋይቱ ግን ወደዚያ ይገፋዋል። የሚያድነው የግራፋይቱ ፈጣን ማሰራጨት ነው፤ የፓራፊኑ መቅለጥ ትንሽ ጊዜ ይገዛል። ፓራፊኑ ራሱ ነዳጅ መሆኑ ግን አይካድም። የጨው ድንጋይ በዚህ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑ ጋዝ የሚያስወጣበት መንገድ ከነጂው እግር ርቆ መሠራት አለበት።

እስካሁን ማንም ያላነሣው፣ ሰንሰለት ፈቺ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊያነበው የሚገባ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የ18650 ሴል ገላው ሁሉ አሉታዊው ጫፍ ነው፤ ከግራፋይቱ የሚለየው ያ ቀጭን ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ ተጨማዶ ብረቱ ብቅ ብሏል ብለሃል። የተለያየ ቡድን ያላቸው ሁለት ሴሎች ፕላስቲካቸው ተቀድዶ አንዱን ብሎክ ከነኩ፣ ብሎኩ ራሱ ሽቦ ይሆናል። እያንዳንዱን ሴል አዲስ መሸፈኛ አልብሰህ፣ በእያንዳንዱ ቡድን መካከልም የማያስተላልፍ ቁስ አስገባ። ይህን ካላደረግክ ባትሪውን ለማዳን ያሰብከው ነገር ያቃጥለዋል።

ረጅም መንገድ

ጥያቄ አለኝ። ይህ ሁሉ ጥቅም ካለው የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪዎች ለምን በብዛት አይጠቀሙበትም? የማውቃቸው ሁሉ የሚያቀዘቅዙት በፈሳሽ ነው።

መዳብ ሽቦ

ስለሚከብድ ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ150 ኪሎ ዋት ለ20 ደቂቃ ሙላው። ከሚገባው 5 ከመቶው ወደ ሙቀት ቢለወጥ 7.5 ኪሎ ዋት፣ በጠቅላላው 9,000 ኪሎ ጁል ነው። ባትሪው ራሱ 400 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ በ10 ዲግሪ ሲግል 4,000 ያህሉን ይይዛል። ለቀሪው 5,000 የሚያስፈልገው ቅልቅል 33 ኪሎ ግራም ነው። ያንን ሁሉ ዕድሜውን በሙሉ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ፈጣን መሙያ ጣቢያ በወር ሁለት ጊዜ ቢገባ እንኳ።

አሮጌው መሐንዲስ

በ33 ኪሎው እስማማለሁ፤ በመደምደሚያው ግን አይደለም። ፓራፊኑ ብቻውን ይሥራ ያለ የለም። ፈሳሹ በዚያው 20 ደቂቃ 3 ኪሎ ዋት እያወጣ 3,600 ኪሎ ጁል ቢወስድ፣ ለፓራፊን የሚቀረው 1,400 ነው፤ 9 ወይም 10 ኪሎ ግራም ይበቃዋል። ማቀዝቀዣው ለከባዱ ሰዓት ሳይሆን ለአማካዩ ይሠራና ያነሰ ይሆናል፤ ፓራፊኑንም በቀሪው ጊዜ ፈሳሹ ያጠጥረዋል።

መዳብ ሽቦ

እኔ ግን በ10 ኪሎው ፋንታ ማቀዝቀዣውን ማሳደግ ይቀለኛል። ማቀዝቀዣው ሁልጊዜ ይሠራል፤ ፓራፊኑ አንዴ ከቀለጠ አበቃለት። በዚህ አንስማማም፣ መሐንዲስ፤ አክብሮቴ እንዳለ ነው።

ረጅም መንገድ

እኔ ያለሁበት ብርድ የሚጸናበት አገር ነው። ብርድ ላይስ ይጠቅማል?

ጥንቁቅ

ለአጭር ጊዜ። ቆመህ ሳለ ፓራፊኑ እየጠጠረ የዋጠውን ሙቀት ለሴሎቹ ይመልሳል፤ ለጥቂት ሰዓት ይሞቃሉ። ሌሊቱን ካደረ ግን ከሴሎቹ ጋር ሊሞቅ የሚገባው ተጨማሪ ክብደት ነው። ከ0 ዲግሪ በታች ሳሉ ኃይል እንዳትሞላቸው፤ ሊቲየሙ ወደ ኤሌክትሮዱ ውስጥ መግባት ትቶ በላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል።

ሰንሰለት ፈቺ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሠርቼ ጨረስኩ፤ የሆነውን ላሳውቃችሁ።

የደከሙትን ሴሎች ቀየርኩ። ሁሉንም ድርብ መሸፈኛ አለበስኳቸው፤ በየቡድኑ መካከል የማያስተላልፍ ወረቀት አስገባሁ። የግራፋይቱን ብሎኮች በ44 ዲግሪ የሚቀልጠውን ፓራፊን አጠጥቼ ቀዳዳ በሳሁባቸውና ሴሎቹን አንድ በአንድ ከተትኩ። የሴሎቹ ጫፎች ከብሎኩ ወጣ ብለው ስለሚቆሙ መተንፈሻዎቹ ነጻ ናቸው። ፓራፊን ሲቀልጥ መጠኑ ከአሥር ከመቶ በላይ እንደሚጨምር ስላነበብኩ ከላይ ክፍት ቦታ ትቻለሁ።

ያንኑ ዳገት ወጣሁ። መሃል ላይ የተከልኩት መለኪያ 38፣ 40፣ 42 እያለ ወጣ፤ 44 ላይ ሲደርስ ቆመ። ሞተሩ እየጎተተ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ስምንት ደቂቃ ያህል እዚያው ቆየ። ምን እንደተሰማኝ መግለጽ ይከብደኛል፤ በወረቀት ላይ ያየሁት ሒሳብ ከእግሬ ሥር ይሠራ ነበር። በመሃልና በዳር መካከል የነበረው 14 ዲግሪ ወደ 3 ወርዷል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ ወጣሁ። በዚህኛው 44 ላይ የቆየው ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ከዚያ ወደ 50 ሄደ። መሐንዲሱ እንዳሉት ነው፤ ማጠራቀሚያው ገና አልተራገፈም ነበር። ሣጥኔ ፕላስቲክ ስለሆነ ወለሉን ቆርጬ በአሉሚኒየም ተካሁት፤ ክንፎቹ ወደ ነፋሱ የሚያዩ አድርጌ፣ በብሎኮቹና በአሉሚኒየሙ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፍ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ንጣፍ አስገባሁ። አሁን ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ ስነዳ ከ40 ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ ከ44 መውረድ ይጀምራል። መለኪያውን ከመሪው አጠገብ አምጥቼዋለሁ፤ መውረዱን ሳላይ ሁለተኛውን ዳገት አልጀምርም።

አሮጌው መሐንዲስ

ጎበዝ! ያቺን 44 ላይ የቆመች ቁጥር እኔም ብዙ ዓመት ቆሜ አይቻታለሁ፤ አትሰለችም።

መዳብ ሽቦ

እጅህ ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ፦ ብሎኮቹን ከስድስት ወር በኋላ አውጥተህ መዝናቸው። ክብደታቸው ከቀነሰ ፓራፊኑ እየሾለከ ነው ማለት ነው። መነሻውን መዝግበሃል?

ሰንሰለት ፈቺ

ሳልከታቸው በፊት መዝኛቸዋለሁ፤ 1,910 ግራም ናቸው። ቁጥሩን በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።